በክንድ የሚለካው ቅርጽ

አክሱም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወሳው ሐውልቱን ነው። እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የአንድን ዘመን ባለጸጋ ልብ ማወቅ የፈለገ ሰማይ ጠቀሱን ድንጋይ ትቶ በክንድ የሚለካውን ቅርጽ ይመርምር ባይ ነኝ።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ልጀምር። በ79 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ፣ የቬቲዎች ቤት የሚባል አለ። ባለቤቶቹ ከባርነት ነጻ ወጥተው በንግድ የከበሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። የአትክልት ቦታቸውን በትናንሽ የእብነ በረድና የነሐስ ምስሎች ሞሉት፤ ከአንዳንዶቹም ውኃ ይፈልቅ ነበር። እንግዳ ገና ከደጅ ሲገባ ዓይኑ አዳራሹን አልፎ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ቤቱ ታስቦበት ተሠራ። አያት ቅድመ አያት ቆጥሮ መኩራት ያልቻለ ሰው የሚመርጠውን ዕቃ አስቀድሞ ያሳያል።

የእኛዎቹስ? በአክሱም የጡብ ቅስቶች መቃብር ውስጥ፣ በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዴቪድ ፊሊፕሰን በመሩት ቁፋሮ፣ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ሰሌዳዎች ወጥተዋል። የወይን ሐረግ ይጠማዘዛል፤ በሐረጉ መካከል እንስሳትና ወፎች አሉ። የወንበር መደገፊያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሐረጉ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የነበሩ መኳንንት ይወዱት የነበረ ጌጥ ነው። ይህን አይቶ ኩረጃ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያንገበግበኛል። የዝሆን ጥርስ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ሮማውያን ገበያ ይወጣ ነበርና፣ አክሱማዊው ባለጸጋ ከሚሸጠው ላይ ለራሱ አስቀርቶ፣ የወደደውን ጌጥ መርጦ አስቀርጾበታል። ከሩቅ የመጣውን አይቶ መምረጥም ችሎታ ነው።

የትውልድ አገሬ ዋግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ፣ ትውፊት ከዐፄ ካሌብ ጋር የሚያያይዘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አለ። በፊቱ ላይ ጠራቢው የእንጨት ሥራን በድንጋይ መስሎ፣ የአክሱምን የመስኮት አሠራር ተከትሎ ቀርጾታል። የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ ያረፈውም እዚሁ ነው። ዘራቸውን ከዛግዌ የሚቆጥሩት፣ ኋላም ዋግሹም ጎበዜን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እንዲነግሡ ያበቁት እነዚህ ቤተሰቦች ለመጨረሻ ማረፊያቸው የመረጡት ይህን ጥርብ ነው። ለእኔ ይህ ምርጫ ከብዙ የሹመት ዝርዝር ይልቅ ስለ እነሱ ይነግረኛል።

ሕዝቡ በድርቅ እየተፈተነ ስለ ድንጋይ ጌጥ ታወራለህ የሚሉኝ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ዋግ ኽምራ ረሃብን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። የምጠይቀው ግን ከማንም አፍ እህል የሚነጥቅ አይደለም። አንድ ካሜራ፣ አንድ ሜትርና ሁለት ትጉህ ወጣቶች ይበቃሉ። በካህናቱ ፈቃድ እያንዳንዱ የመስኮት ክፈፍ፣ እያንዳንዱ መስቀል ፎቶ ይነሣ፤ ቁመቱና ስፋቱ ይመዝገብ፤ የተሰነጠቀው ተለይቶ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በደብሩ ይቅር፣ አንዱ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይሰጥ፣ ሌላው በሰቆጣ ትምህርት ቤቶች ይቀመጥ። ሥራው ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይጀመር፤ ዝናብ የበላውን ክፈፍ መልሶ የሚሰጠን የለም።