"ያበላሹብሃል" አትበሉኝ
ድረ ገጼ ላይ ማንም ገብቶ የሚያርመው ዊኪ ልከፍት ነው ስል "አበድክ እንዴ? ያበላሹብሃል!" ተባልኩ።

እስካሁን ያበላሸሁት እኮ እኔው ነኝ። "አብሽር"ን የአዲስ አበባ አራዳ የፈጠረው ቃል ነው ብዬ ጽፌ፣ ስህተቱ ሁለት ዓመት ተጎልቶ ኖረ። ከዐረብኛ የመጣ፣ ወሎዬ ከጥንት የሚጽናናበት ቃል መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ አይቶ ያልፋል። ምን ያድርግ? ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው!

ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዊኪ ለሁሉም ሲከፍት ሰውን አምኖ ነው። ዛሬማ ዊኪ የቀደመውን ጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ፣ የተበላሸው በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። አዎ፣ ማስታወቂያውን የሚደፋብኝ አይጠፋም፤ ጠዋት ጠዋት እጠርጋለሁ። ቆሻሻ ፈርቼ ግን ቤቴን በእንግዳ ላይ አልዘጋም።

ስህተቴን ያያችሁ፣ አይታችሁ አትለፉኝ። ግቡና አርሙት!