ትምህርት የሚያስቸግረው ልጅና የወላጆቹ ድርሻ

ልጁ ትምህርት ሲያቅተው ያየ ወላጅ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ ሰነፍ ነህ ብሎ ይቈጣል፥ ወይም ነገሩ በሰው ዘንድ እንዳይሰማ ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ልጁን አይጠቅሙትም፤ ስንፍና ሌላ፥ ችግር ሌላ ነውና። ፊደል የሚምታታበት፥ ጆሮው አጥርቶ የማይሰማለት፥ ወይም ሐሳቡን ሰብስቦ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ በቍጣ አይታረምም። ስለዚህ ዛሬ በአውስትራልያ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደዚህ ላሉት ልጆች የሚደረገውን እርዳታ ለወላጆች ልናስረዳ ወደናል።

በዚያ አገር ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ያህል የሚማረው በካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. ከአየርላንድ የመጡ፥ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸው፥ እማሆይ ገብርኤል ሆጋን የተባሉ የዶሚኒካን መነኩሲት በኒውካስል ከተማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ሥራው ታላቅ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ዘመን እነዚህ ልጆች የሚማሩት ከሌሎቹ ተለይተው ነው። ዛሬ የሚፈለገው ልጁ ከእኩዮቹ ጋራ በአንድ ክፍል ተቀምጦ እርዳታው ወደ እርሱ እንዲመጣለት ነው።

ይህም ለበጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በ1992 የወጣው ሕግና በ2005 የተከተለው የትምህርት ደንብ ማናቸውም ትምህርት ቤት፥ የመንግሥትም ሆነ የቤተ ክርስቲያን፥ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያዝዛሉ። በሕጉ ዘንድ ጉዳት የሚባለው የእጅና የእግር ብቻ አይደለም፤ የማንበብ ችግርም ይገባበታል። ማስተካከያው ከመወሰኑ በፊትም ተማሪውን ወይም ወላጆቹን ማማከር ግዴታ ነው።

ማስተካከያ ማለት ሁልጊዜ ትምህርቱን ማቅለል ማለት አይደለም። ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅ በፈተና ጊዜ ትርፍ ሰዓት ይሰጠዋል፥ ወይም ጥያቄው ይነበብለታል፤ መልሱን የሚያስበው ግን እርሱ ራሱ ነው። ዓይኑ ለደከመው ወረቀቱ በትልቅ ፊደል ይታተምለታል። ጆሮው የደከመው ከፊት ይቀመጣል፥ አስተማሪውም ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ እንዳይናገር ይጠነቀቃል። ይህ የመጨረሻው አሳቢነት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንዳንድ ጊዜ ረዳት ይመደባል። ነገር ግን ረዳቱ ለቅጽበት ሳይለይ ከልጁ ጎን የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ በልጁና በጓደኞቹ መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። የ14 ዓመት ልጅ በእኩዮቹ ፊት ማፈርን ከመውደቅ ይልቅ ይፈራል። ስለዚህ መልካም ረዳት ለልጁ ሠርቶ አይሰጠውም፤ ልጁ ራሱ መሥራት ሲጀምር ፈቀቅ ይላል።

ልጄ ብቻውን ነው ብሎ የሚያፍር ወላጅ ቢኖር ቍጥሩን ይመልከት። ከ2015 ጀምሮ የአውስትራልያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በየዓመቱ ማስተካከያ የሚደረግላቸውን ተማሪዎች ቈጥረው ያስታውቃሉ፤ በ2023 ከ100 ተማሪዎች 24 ያህሉ ነበሩ። በዚህ ቈጠራ ለመግባትም የሐኪም ወረቀት የግድ አይደለም፤ አስተማሪዎቹ ችግሩን በበቂ ምክንያት ያዩት እንደ ሆነ ይበቃል።

በሜልቦርንና በሌሎቹ የዚያ አገር ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን መብታቸውን ሊያውቁ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ካልጠየቃቸውም ራሳቸው ሄደው ይጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ በሽታ ባይሆንም ምሳሌው ይስማማዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በቤት ውስጥ ልጁን አስቀምጦ፥ ሳይቈጡ፥ የሚከብድህ ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ችግሩን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና።