ትልቅ ራዲያተር ይገዛ ከመባሉ በፊት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር የጭነት መኪና፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ዐቀበቱን ሲይዝ ፍጥነቱ የእግረኛ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን በሙሉ ኀይሉ ይሠራል፤ ነፋስም ራዲያተሩን እንደ ልብ አያገኘውም። ውሃው የሚፈላው በዚህ ጊዜ ነው።

ሹፌሩ ሲመለስ «ትልቅ ራዲያተር ይገዛልኝ» ብሎ ያመለክታል፤ ወጣቱ ሹምም ይፈርማል። ለመሆኑ ክዳኑን ማን መረመረው? የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደኅና ክዳን ግፊቱን አፍኖ በመያዝ ይህን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ይህን አይችልም። ዋጋውም ከራዲያተሩ ጋር አይወዳደርም። ቴርሞስታቱና የቬንትሌተሩ ቺንጋም እንደዚሁ ይታዩ።

ይህ ሁሉ ታይቶ መኪናው አሁንም ከፈላ፣ መለወጡ ተገቢ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጫፎቹ ፕላስቲክ ስለ ሆኑ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል። ሁለመናው አሉሚኒየም የሆነውን ወፍራሙን የሚያመሰግኑ አሉ፤ ሆኖም ውፍረቱ ከበዛ ደካማ ቬንትሌተር ነፋስ አያሳልፍበትም። እኔስ፣ ቢከብድም፣ የመዳብና የናሱን እመርጣለሁ፤ ቢቀደድ የገጠር ከተማ በያጅ እንኳ በስታኞ ይደፍነዋል። አሉሚኒየሙ ግን ልዩ ብየዳ ይሻል፤ በያጁ እስኪገኝም ሹፌሩ ጭነቱን እየጠበቀ ከበረሃው ያድራል።