ከሞተሩ በፊት መንጃ ፈቃዱ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሉማሜን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ከባድ መኪና፥ ባጃጅ፥ የገበያ አህያና ሞተር ሳይክል ይጋፋሉ። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም ወደ ቀበሌ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው።

አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትን ይከለክላል። ሆኖም ከጓደኛው ተምሮ በማግስቱ መንገድ የሚወጣ አይጠፋም። ምክንያቱን ቢጠይቁት «የሥልጠናው ክፍያ ከበደኝ» ይላል። እኛም እንጠይቃለን፤ የተሰበረ እግር ማሳከሚያና የቤተ ሰብ እንግልት ቢደመር የትኛው ይከብዳል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በደንብ የታሰረ የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሞተር የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሥልጠናውን ወጪና የራስ ቁሩን አብሮ ይሸፍን እንላለን። ወጣቱም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ፈቃዱን ይያዝ። የተማረው ሕግ ካላከበረ ገበሬው ከማን ይማር?