ገመዱን ማን ይያዝ?

ከምድር በታች ያለ ውኃ እንደ ወንዝ ሲጎድል አይታይም። ገበሬው ጉድለቱን የሚያውቀው ሞተሩ አየር መሳብ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜም መላው ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ይመስለዋል። ጎረቤቱም ያጠልቃል። ሁለቱም የሚጨልፉት ከአንድ እንስራ ነው።

ሐረማያን ሁላችንም እናውቃለን። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት ከሐይቁም ከዙሪያው ጉድጓዶችም በሞተር ሲቀዳ፣ ከተማውም ሲጠጣ፣ ደለሉም ሲሞላው ቆይቶ ነው። በ2010ሮቹ ውኃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። ነገር ግን ሐይቁ የደረቀው የእርሻ ሊቃውንት ከሚያስተምሩበት ግቢ ብዙም ሳይርቅ መሆኑን ልብ እንበል፤ የታጣው ጥናት አልነበረም።

አሁን ደግሞ «ለውሳኔ የሚረዳ መሣሪያ» የሚሉት መጥቷል። ኮምፒዩተሩ የሚዘንበውን፣ የሚሰርገውንና የሚቀዳውን አስልቶ ባለቀለም ካርታ ያወጣል። እኛ ይህን አንንቅም፤ ነገ የምንሠራበት እኛው ነን። ነገር ግን ጉድጓዱ የገበሬው ሆኖ ካርታው በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ከተቆለፈበት የማንን ውሳኔ ረዳ ይባላል?

በሕንድ አገር፣ በአንድራ ፕራዴሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በ7 አውራጃዎች ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ገበሬዎቹ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ዝናቡንና የጉድጓዳቸውን ውኃ ራሳቸው እየለኩ በመንደሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ዝናቡ ሲያበቃ ተሰብስበው ያለውን ውኃ ሊዘሩት ካሰቡት ሰብል ጋር አስተያዩ። የከለከለም የቀጣም አልነበረም፤ ሆኖም ብዙዎች ውኃ የሚፈጀውን ሩዝ በገዛ ፈቃዳቸው ቀነሱ። እርግጥ የዚያ አገር አለት ጠንካራ ስለሆነ የሚይዘው ውኃ ጥቂት ነው፤ የዓመቱ ጥፋት በዓመቱ ይታያል። እንደ ራያ ባለ ደለል በሞላው ሸለቆ ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ልኬቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። ነዳጅ የማይጠይቀው የፀሐይ ሞተር በየማሳው ሲተከል ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዳይስብ የሚያግደው የነዳጅ ዋጋ እንኳ የለም።

ስለዚህ ሞተር የሚያድል ሁሉ መለኪያውንም አብሮ እንዲያድል እንጠይቃለን። ማኅበራችንም በመጪው ክረምት ወደየአገሩ ለሚሄድ ተማሪ በየሜትሩ ምልክት ያለበት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ ይስጠው። ተማሪው ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ለክቶ ያሳይ፤ ገመዱንና ደብተሩን ግን ለመንደሩ ሰዎች ትቶ ይመለስ።