ደህናው ኳስ ለማን ነው የሚቀመጠው?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የትምህርት ቤት፣ የቀበሌና የታዳጊ ፕሮጀክት ቡድኖች ዘንድ ማንም የማይነቅፈው አንድ ልማድ አለ። ደህናው ኳስ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ይከርምና ለግጥሚያ ቀን ብቻ ይወጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆቹ የሚለማመዱት ቆዳው በተላጠ፣ ስፌቱ በተተረተረ፣ ከመነዳሪው በአንድ ጎን ባበጠ ኳስ ነው። ቁጠባ ነው ይባላል፤ ንብረት ያዡም በጠንቃቃነቱ ይመሰገናል። እኔ ደግሞ ብክነት ነው እላለሁ። የሚባክነው ከኳሱ ይልቅ የሚወደደው ነገር፣ የልጆቹ የልምምድ ሰዓት ነው። በግጥሚያ የሚመታው ኳስ የትኛውም ይሁን፣ ልምምዱም በዚያው ዓይነት ኳስ መሆን አለበት።

ነገሩ የቅንጦት ክርክር የሚመስለው ካለ የእግር ኳስን የጨዋታ ሕግ ይግለጥ። ሁለተኛው ሕግ የሚናገረው ስለ ኳስ ብቻ ነው። ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ጨዋታው ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ግፊቱ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይሁን ይላል፤ አምስት ቁጥር የምንለው ኳስ ይህ ነው። ለታዳጊዎች የሚሠራው አራት ቁጥር ዙሪያው ከ63.5 እስከ 66 ሴንቲሜትር ነው። ፊፋ ለከፍተኛው ደረጃ ኳስ ማረጋገጫ የሚሰጠው ከ2 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 155 ሴንቲሜትር መንጠሩን አስፈትሾ ነው። የልምምዱ አሮጌ ኳስ ይህን ያልፋል ብሎ የሚወራረድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተከላካዩ ከላይ የሚወርደውን ኳስ በደረቱ ለማብረድ ሲዘጋጅ፣ ግብ ጠባቂው መሬት ነክቶ የሚነሳውን ኳስ ለመያዝ ሲያጎነብስ፣ ሁለቱም የሚያዩት የአሁኑን ኳስ ቢሆንም የሚገምቱት በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ባጠራቀሙት ልማድ ነው። ልማዱ የተጠራቀመው ከጉልበት በላይ በማይነጥር ኳስ ከሆነ፣ ቅዳሜ ዕለት የተነፋ አዲስ ኳስ በትከሻቸው ላይ ሲያልፍ አሠልጣኙ "ትኩረት የላችሁም!" ብሎ ይጮሃል። ልጆቹ ግን ያተኮሩት የተማሩት ላይ ነው።

ይህን በገንዘባቸው የተማሩት ጎልፈኞች ናቸው። ለረጅም ዘመን ብሪታንያና አሜሪካ በተለያየ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ የብሪታንያው ትንሹ ስፋት 41.15 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካው 42.67። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል ጥቂት ቢዘል ነው። ሆኖም ትንሹ ኳስ ነፋስን ሰንጥቆ ይሄድ ነበርና በእሱ ያደገ ተጫዋች አትላንቲክን ተሻግሮ ትልቁን ሲመታ እጁ የለመደው ርቀት አይገኝም። የብሪታንያ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ትልቁን ኳስ በራሱ ውድድሮች ላይ ለሙከራ አስገዳጅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶኒ ጃክሊን ለ50 ዓመት ብሪታንያዊ ያላሸነፈበትን የአሜሪካ ኦፕን አሸነፈ። ድሉን ሁሉ ለኳሱ መስጠት የጃክሊንን ችሎታ መስረቅ ይሆናል፤ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው ማለትም ይከብዳል። የብሪታንያው ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1974 ትልቁን ኳስ ግዴታ አደረገ፤ ትንሹ ከሕግ ጭራሽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ዛሬም በታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች ተጫዋቹ ዙሩን በጀመረበት የኳስ ምርትና ዓይነት እንዲጨርስ የሚያስገድድ ደንብ ሊወጣ ይችላል። በልምምድ ሜዳ ላይ በባልዲ የሚቀርቡት ጠንካራ ልባስ ያላቸው ኳሶች በአየር ላይ እንደ ግጥሚያው ኳስ እንደማይሄዱም ባለሙያዎቹ ያውቃሉ።

እግር ኳስም የራሱ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1930 በሞንቴቪዴዮ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አርጀንቲናና ኡራጓይ በኳስ ምርጫ ሳይስማሙ ቀሩና አንዱን አጋማሽ በአርጀንቲና፣ ሌላውን በኡራጓይ ኳስ ተጫወቱ። አርጀንቲና በራሷ ኳስ 2 ለ 1 መርታ ወደ እረፍት ገባች፤ ኡራጓይ በራሷ ኳስ ሦስት ግብ ጨምራ 4 ለ 2 አሸነፈች። አንድ ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፤ ኡራጓይ በሜዳዋና በሕዝቧ ፊት ነበረች። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ቡድኖች ስለ ኳሱ እስከዚያ ድረስ የተከራከሩት በከንቱ አልነበረም። ከ80 ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ጃቡላኒ የተባለው ኳስ ከውድድሩ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ወጣ፤ በስምንት ቁራጭ በሙቀት የተጣበቀው ገጹ እጅግ ልሙጥ ስለነበር ሳይሽከረከር በኃይል ሲመታ በአየር ላይ ይዋልል ነበር፤ ግብ ጠባቂዎችም አምርረው አማረሩ። አዲዳስ ለቀጣዩ ዋንጫ ብራዙካን ሲያዘጋጅ ከ600 በላይ ተጫዋቾች አስቀድመው እንዲሞክሩት አደረገ። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግም እ.ኤ.አ. በ2006 ተጫዋቾቹን በቅጡ ሳያማክር ከቆዳ ወደ ሰው ሠራሽ ኳስ ተሻግሮ፣ የውድድር ዘመኑ ሳይጋመስ በጥር 2007 ወደ ቆዳው ተመለሰ። በዓለም ላይ ምርጥ የተባሉት እጆች በሁለት ወር ያልለመዱትን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በማሟሟቂያው አሥር ደቂቃ ይልመደው ማለት ግፍ ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ፤ የእኛ ጉዳይ ከሌላው የሚከብድበት ምክንያት አለና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ ጃቡላኒ ከተወቀሰባት ጆሃንስበርግ እንኳ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ ረጅም ኳስ ይርቃል፣ ተጠምዝዞ የሚመታ ቅጣት ምት ግን የሚጠበቀውን ያህል አይታጠፍም። ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ድሬዳዋ ቢሄድ ደግሞ ሜዳው 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ ያው ምት ቀድሞ ይወድቃል፣ የበለጠም ይታጠፋል። ኳሱ ራሱም ይለወጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ 0.8 አትሞስፌር ተነፍቶ የተጫነ ኳስ ድሬዳዋ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚከብድበት ከዚያ ግፊት 0.12 ያህሉን ያጣል፤ ሙቀቱ ጥቂቱን ቢመልስለትም። ከደጀን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ሲሻገር ረገብ፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ጠንከር የሚል ኳስ ይዞ የሚጓዝ ቡድን በደረሰበት ቦታ መንፊያና መለኪያ ካላወጣ የራሱን ኳስ እንኳ አያውቀውም።

"አየሩ እንዲህ የሚያደርገው ከሆነ አንድ ዓይነት ኳስ መያዝ ምን ይጠቅማል?" የሚል ይኖራል። የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ከፍታውን መቀየር አንችልም፤ የክረምቱን ጭቃና የበጋውን ጠጠር መቀየርም ከአሠልጣኝ አቅም በላይ ነው። በእጃችን ያለው ኳሱ ነው። እሱ ካልተለወጠ ተጫዋቹ ባሕር ዳር ላይ ምቱ ሲያጥርበት ምክንያቱ አየሩ መሆኑን ለይቶ ያርማል። ኳሱም አየሩም ሜዳውም አንድ ላይ ከተለዋወጡበት ግን የትኛውን ያርም?

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጨርቅ ኳሱ ነው። ይቺ አገር እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ልጆቿ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ከዚያ የወጡ ጥበበኛ እግሮችም ብዙ ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም የሚደግፉት ይመስላል። ኬርና ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሙከራ የስምንት ዓመት ልጆች ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ ተደረገ። ከሁለትና ከአራት ጫማ እየለዋወጡ የተለማመዱት፣ ሁልጊዜ ከሦስት ጫማ ብቻ ከተለማመዱት ይልቅ በሦስት ጫማው ፈተና ላይ የተሻለ ውጤት አመጡ። ታዲያ መለዋወጥ ይበጃል ማለት አይደለም ወይ?

ይበጃል፤ ግን ምኑ? ሙከራው የለዋወጠው ርቀቱን ነው። ጨዋታም ውስጥ ርቀት፣ ማዕዘን፣ ፍጥነትና የተጋጣሚው አቋም በየቅጽበቱ ይለዋወጣሉ፤ አሠልጣኙ እነዚህን በልምምድ ቢለዋውጥ ግጥሚያውን መምሰሉ ነው። በግጥሚያ ውስጥ የማይለወጠውን መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳሱ ከአምስት ቁጥር ወደ አራት ቁጥር አይቀየርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶርንዳይክና ዉድዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳዩት አንድ ልምምድ ለሌላ ሥራ የሚተርፈው ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ልክ ነው። የሰፈር ልጅ ከጨርቅ ኳስ ብዙ ያተርፋል፤ ማታለል፣ በጠባብ ቦታ መዞር፣ ከሁሉ በላይ ፍቅር። ያንን ማንም እንዲያስቀርበት አልመክርም። የጨርቅ ኳስ ግን አይነጥርም፣ በአየር ላይም አይታጠፍም፤ ስለዚህ የማዕዘን ምትንና ከላይ የሚመጣን ኳስ አያስተምርም። የሰፈር ጨዋታና የቡድን ልምምድ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

ይህ ከውጭ የመጣ ቅብጠት ነው ለሚለኝም የገናን ጨዋታ አስታውሰዋለሁ። በጎጃም ደጋ ታኅሣሥ ሲገባ ቆልማማ ዱላ ከእንጨት ተመርጦ ይቆረጣል፤ ኳሱ፣ ማለትም ሩሩ፣ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጎንጉኖ ይዘጋጃል። ተጫዋቹ ለበዓሉ የሚወጣው ሲለማመድበት የሰነበተውን ዱላ ይዞ እንጂ ለታኅሣሥ 29 ብቻ ከጓዳ የሚወጣ ሌላ ዱላ አስቀምጦ አይደለም። ደህናውን ቆልፎ በአሮጌው የመለማመድ ልማድ ከአያቶቻችን የወረስነው ሳይሆን ከንብረት መዝገብ ጋር የመጣ ነው።

የሚቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እውነተኛም ጥያቄ ነው። ጥሩ ኳስ ውድ ነው፤ በጠጠር ሜዳ ላይ በየቀኑ ሲመታ ዕድሜው ማጠሩም አይካድም። ስለዚህ ሁሉም ልምምድ በእሱ ይሁን አልልም። ለሩጫና ለአካል ብቃት ኳስ አያስፈልግም፤ ማንጠባጠብን በአሮጌው ማድረግ ይቻላል። ለጎል ሙከራ፣ ለቅጣትና ለማዕዘን ምት፣ ለረጅም ቅብብልና ለግብ ጠባቂ ሥራ ግን የግጥሚያው ዓይነት ይውጣ። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ከየሱቁ የተለቃቀመ ስድስት ዓይነት ኳስ ከመግዛት በዚያው ገንዘብ የሚገኘውን ያህል፣ ሦስትም ቢሆን፣ አንድ ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ አዲሱ ለግጥሚያ ሲወጣ የቀደመው ወደ ልምምድ ይውረድ። ደግሞም ተቆልፎ መቀመጥ ኳስን ከእርጅና አያድንም። ከመነዳሪው አየሩን ቀስ በቀስ ያጣል፣ ሳይነፋ የከረመ ኳስ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ስፌቱም በታጠፈበት ይዳከማል። በመዝገብ ላይ "አዲስ" ተብሎ የተጻፈው ኳስ ከዓመት በኋላ ሲወጣ አዲስ አይደለም።

ንብረት ያዡን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይሆንም። ኳሱ ሲፈነዳ ከደመወዙ የሚጠየቅ ሰው መቆለፉ ይገባኛል፤ በልምምድ ያለቀ ኳስ እንደ ጠፋ ንብረት ሳይሆን እንደ ጠመኔ በሥራ ላይ እንደዋለ አላቂ ዕቃ ይመዝገብለት። የውድድር አዘጋጆች ድርሻ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ለዞንም ሆነ ለወረዳ ውድድር ጥሪ ሲተላለፍ ቀኑ፣ ቦታውና የዕድሜ ገደቡ ይጻፋል፤ ውድድሩ በየትኛው ቁጥርና በየትኛው ምርት ኳስ እንደሚካሄድ፣ በስንት ግፊት እንደሚነፋም በዚያው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ደብዳቤው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ከደረሰ፣ ከቢቡኝም ከማቻከልም የሚመጣው አሠልጣኝ የትኛውን ኳስ መግዛት እንዳለበት አውቆ ያሠለጥናል።