ባለ ክራሯ ወይዘሮ

ከአማኑኤል ወደ መርካቶ መካከል የሚያልፍ ሰው የሙዚቃ ድምፅ ሳይሰማ መቶ እርምጃ አይራመድም። ድምፅ ማጉያው የሚያሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰሞኑን ዘፈን ነው። ክራር የተፈለገ እንደ ሆነ ለግድግዳ ጌጥ ከሚሸጥበት ከባህል ዕቃ ሱቅ መግባት ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ «ክራር የአያቶቻችን ነው» ይሉኛል። ነገሩ አክብሮት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ለእኛ አይሆንም» ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ አልበም ጥቂት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

አልበሙ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ካዘጋጇቸው አልበሞች 16ኛው ሲሆን፣ ርእሱ «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደ ማለት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቡዳ ሙዚክ የሚባል የፓሪስ ድርጅት ነው (ስሙን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ፈረንሳዮቹ ቡዳ ሲሉ እኛ የምንፈራውን ማለታቸው አይደለም)። ዘፈኖቹ ግን በ1960ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተቀረጹ ናቸው።

በቴአትር የሴትን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ወይዘሮ አስናቀች ለመድረክ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ እየተባሉ ይጠቀሳሉ። ለሴት ልጅ መድረክ መውጣት ራሱ የሚያስወራ ነበር፤ ክራር መያዝ ደግሞ ይብስ ነበር። በገና የዳዊት ነው ተብሎ በካህናቱና በመኳንንቱ ቤት ሲከበር፣ ክራር ያው እንደ እርሱ እንጨት፣ ቆዳና አውታር ሆኖ ሳለ የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። ጥፋቱ ጠጅ ቤት መግባቱና ስለ ፍቅር ማውራቱ ነው።

በዚህ አልበም ላይ ክራሩን የሚያጅበው የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ነው፤ ድራምም አለበት። ኦርጋን በዚያን ጊዜ የዘመናዊነት ምልክት ነበር። የተለመደውም ነባሩ ዘፈን ኦርኬስትራው ቤት በእንግድነት ገብቶ፣ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ተስተካክሎ መውጣቱ ነው። እዚህ ግን እንግዳው ኦርጋኑ ነው። ከአምስት ስድስት አውታር የሚወጣው የክራር ድምፅ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም መንገዱን የሚያሳየው እርሱ ነው፤ ኦርጋኑ በዝግታ ከኋላ ይከተላል። ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በአሜሪካ አገር ይህን የሚመስል ነገር አለ። ዶሊ ፓርተን የተባለችው ግጥምና ዜማ የምትደርስ የካንትሪ ዘፋኝ፣ ስሟ በዓለም ከታወቀ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ የብሉግራስ አልበም አወጣች። ብሉግራስ የኬንታኪው ሰው ቢል ሞንሮ ያስፋፋው፣ በማንዶሊን፣ በቫዮሊን፣ በባንጆና በጊታር የሚጫወቱት የገጠር ሙዚቃ ነው፤ ስሙም ከባንዱ ስም የተወሰደ ነው። ባንጆውን ራሱን ወደዚያ አገር ያመጡት በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን መሆናቸውን ልብ በሉ። የዶሊ አልበም ወደ ትውልድ ተራራዋ እንደ መመለስ ተቆጠረላት፤ በ2001ም የግራሚ ሽልማት አስገኘላት። ወይዘሮ አስናቀች ግን ከክራራቸው ርቀው ስላልሄዱ «ተመለሱ» የሚላቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ወይዘሮ አስናቀች ግጥሙን ራሳቸው እዚያው እየፈጠሩ በመጫወት የታወቁ ነበሩ። ያሞግሳሉ፣ ይወቅሳሉ፣ ይሸረድዳሉ፤ የተወጋው ሰው መወጋቱን የሚያውቀው ዘፈኑ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ኅብረ ቃልን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰሙን ከወርቁ ስለይ ተማሪው ያዛጋል፤ አልፈርድበትም፣ የተገነዘ ቅኔ ነው የማሳየው። በዘፈን መካከል ሲመጣ ግን ያልነቃ ሰው ያመልጠዋል።

እንግዲህ የፓሪስና የቶኪዮ አድማጭ ይህን አልበም ገዝቶ የሚሰማው ክራሩንና የድምፃቸውን ለዛ ነው። ቃሉ አይገባውም። ግማሹን ወስዷል፤ ሌላውን ግማሽ መስማት የሚችል አማርኛ የሚያውቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ አስናቀችም በ2004 ዓ.ም. በመስከረም ወር ስላረፉ «እንዲህ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ከሥራ ወይም ከትምህርት ስትመለሱ፣ ስልካችሁን ለሌላ ጉዳይ ሳትነኩ፣ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ስሙት፤ መጀመሪያ ክራሩን፣ ቀጥሎ ቃሉን። አያት ወይም አክስት ቤት ውስጥ ካሉ አብረዋችሁ ይስሙ፤ የሚስቁበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለምን እንደ ሣቁ ጠይቋቸው። ያገኛችሁትን ኅብረ ቃል ሰሙንና ወርቁን ለይታችሁ ብትጽፉልኝ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሬ በዚህ ዓምድ እመለስበታለሁ።